ከቆዳው ሥር ስላለው የሻንሲ ቁጥር የተሰጠ ቃል

የምስክሯ መጠሪያ፦ እትዬ መርፌ
ዕድሜ፦ ሃምሳ ዘጠኝ
ሥራ፦ የመኪና ወንበር፣ በርና ጣሪያ ቆዳ ማልበስ
አድራሻ፦ የጋራዦቹ ግቢ፣ ከዋናው በር በስተግራ፣ ከቀለም ቀቢዎቹ አጠገብ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ፣ ከጠዋት ጀምሮ
ጉዳዩ፦ የሻንሲ ቁጥሯ ተነክቷል ተብላ የተያዘች ባለሁለት በር አሮጌ የስፖርት መኪና

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር ማንም ሳይጠራኝ በገዛ እግሬ ወደ ጣቢያው መጥቼ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። ተጠርጣሪውን ያውቁታል ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ እስኪሰለቸኝ አውቀዋለሁ ብዬ መልሻለሁ። በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ተለያይተን ስንሠራ ብዙ ዓመት ሆኖናል። የሥጋ ዝምድና እንዳለን ተጠይቄ፣ ዝምድና የለንም፣ የከረመ ጭቅጭቅ ግን አለን ብያለሁ። ቃሌን የሚጽፉት ሳጅን ጭቅጭቅ የሚለውን ልጻፈው ወይ ሲሉኝ ይጻፍ ብያለሁ። ስለ እሱ መልካም የምናገረው ስለምወደው ብቻ እንዳይመስልብኝ ነው።

ተጠርጣሪው የሞተር መካኒክ ነው። ግቢው ውስጥ የሚጠራው አይቸኩሌ ተብሎ ነው፤ ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፣ አልጸጸትበትም። ሌላው መካኒክ ጠዋት የገባለትን ሞተር ምሳ ሳይደርስ አውርዶ መሬት ላይ ሲዘረግፈው፣ እሱ የተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ቁጭ ብሎ ኮፈኑ የተከፈተ መኪና ሲያይ ይውላል። ምን ታያለህ ሲሉት አይመልስም። መልስ ቢኖረውም ነገ ነው የሚያመጣው። ልብ የሚያወልቅ ሰው ነው። ነገር ግን ከእሱ እጅ የወጣ መኪና በዚያው በሽታው ተመልሶ ሲመጣ አይቼ አላውቅም፤ ይህንን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ።

መኪናዋ የአንድ ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ናት። እኛ ዶክተሩ እንላቸዋለን። ዝቅ ያለች፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ በዕድሜም ከእኔ ብዙ የማታንስ የስፖርት መኪና ናት። ከፋብሪካ ስትወጣ ጥቁር አረንጓዴ ነበረች፤ ዶክተሩ በጉብዝናቸው ጊዜ ገዝተው ቀይ አስቀቧት። ሞተሯ ተሰንጥቆ ሁለት ጊዜ ተበይዶ ሁለቴም አልያዘም፤ መለዋወጫውም ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ስለዚህ ለብዙ ዓመት ሸራ ለብሳ ጓሯቸው ቆማ ኖረች። ባለፈው ዓመት በጎታች መኪና አስጭነው ግቢያችን አመጧትና፣ ጉልበቴ መታጠፍ ሳያቅተው አንድ ጊዜ እንኳ ልንዳት አሉ። ከጎታቹ ሲወርዱ በሩን ይዘው ቆመው፣ አንዱን እግር በእጃቸው አንስተው ነው መሬት ያስረገጡት። አንጀቴን በሉት።

አይቸኩሌ መኪናዋን አይቶ አይቶ፣ ከተጋጨች አዲስ የቤት መኪና የወረደ ባለቱርቦ ሞተር እገጥምላታለሁ አለ። ሞተሩን በደረሰኝ ገዝቶ ጥግ ላይ ካስቀመጠው ቆይቷል። ከአሮጌው ሞተር በክብደት ግማሽ ቢሆን ነው፣ ጉልበቱ ግን እጥፍ ነው። ዶክተሩ ደስ አላቸው። እኔና አይቸኩሌ ግን በዚህ ተጣላን። እኔ አሮጌ ነገር በአሮጌነቱ ይከበር የምል ሰው ነኝ። ወንበር ስጠግን እንኳ የድሮውን ክር ውፍረት ፈልጌ አገኛለሁ እንጂ በተገኘው አልሰፋም። ስለዚህ ፊት ለፊት፣ ይህቺን መኪና የሰው መኪና ሞተር ከምታጎርሳት ቆማ ብትቀር ይሻላታል አልኩት። እንደ ልማዱ መልሱን ለነገ አሳደረው። በማግስቱ መቀሴን ስስል መጣና በሬ ላይ ቆሞ፣ «እትዬ፣ ቆማ የምታምረው ለማን ነው?» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም፣ ወደ ሥራው ሄደ። ቀኑን ሙሉ በዚያ ቃል ስናደድ ዋልኩ።

ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይቻለሁ። አዲሱን ሞተር ወዲያው አንስቶ አላስገባም። በመጀመሪያ ከካርቶንና ከጣውላ ልክ ሞተሩን የሚያህል፣ ቱርቦው ሳይቀር የተለጠፈበት የውሸት ሞተር ሠራ። ያንን በአንድ እጁ እያነሳ ያስገባል፣ ያወጣል፣ በመቀስ ይቀንሳል፣ ይለጥፋል። ግቢው ሁሉ ሳቀበት። ቀለም ቀቢዎቹ፣ ይህቺ ቤንዚን አትፈልግም፣ ማስቲሽ አጠጣት እያሉ ቀለዱበት። እኔም ከሳቁት አንዷ ነኝ፣ መቀሱም የእኔ ነበር። ኋላ ግን እውነተኛው ሞተር በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ሲወርድ፣ የትም ሳይነካ፣ የትም ሳይጋጭ ቦታው ላይ ቁጭ ሲል የሳቀው ሁሉ ተጠግቶ አየ። ማሰሪያዎቹን ያሰራቸው ከፋብሪካ በነበሩት የቡሎን ቀዳዳዎች ነው። አንድ አዲስ ቀዳዳ አልበሳም።

የሞተሩን ኮምፒውተር ከሹፌሩ ወንበር ሥር ደበቀው፤ ኪሱን የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ክሩስኮቱ ላይ ያሉት የድሮ ሰዓቶች እንዳይቀየሩ ብሎ፣ አሮጌዎቹ መርፌዎች የአዲሱን ሞተር ቋንቋ እንዲሰሙ አደረጋቸው። ይህን እንዴት እንዳደረገው አልገባኝም፣ ገብቶኛልም አልልም። የማውቀው ውጤቱን ነው፤ ቁልፉን አዞረ፣ ያ አሮጌ መርፌ ትንሽ ተንቀጠቀጠና ቀጥ ብሎ ቆመ። ዶክተሩ ያን ቀን እዚያው ነበሩ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ ቆዩ።

ሳጅኑ ቱርቦ ማለት ምን እንደሆነ ያብራሩልኝ ስላሉኝ የማውቀውን ያህል ተናግሬአለሁ። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ በከንቱ አይሄድም፤ መንገዱ ላይ አንዲት ትንሽ ማራገቢያ ያሽከረክራል። እሷ ደግሞ ሌላኛዋን አዙራ ንጹሕ አየር ወደ ሞተሩ ትገፋለች። ብዙ አየር የሚያገኝ ሞተር ትንሽ ቢሆንም ጉልበቱ ብዙ ነው። ክፋቱ ሙቀቱ ነው፤ ከቱርቦው የሚወጣው ቧንቧ መኪናዋ ስትነዳ ቆይቶ እንደ ፍም ይቀላል። የዛሬው ጣጣ የመጣው ከዚህ ቧንቧ ነው።

ሞተሩንና ተሳፋሪውን የሚለይ የብረት ግድግዳ አለ። በዚህች መኪና ላይ የሻንሲ ቁጥሩ የተመታው እዚያ ግድግዳ ላይ፣ በቀኝ በኩል ነው። ቧንቧውም ማለፍ ያለበት በዚያው በኩል ነው። በግራ እንዳያሳልፈው የመሪው ዘንግ አለ። ሞተሩን ወደፊት እንዳይገፋው ራዲያተሩ አለ። አይቸኩሌ ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ሳምንት ያህል ያንን ቁጥር ሲያይ ሰነበተ። በመጨረሻ ወደ እኔ መጥቶ፣ ግድግዳውን ጎድጎድ ማድረግ ግዴታ ነው፣ ቁጥሩ ግን ሙቀት ላይ መቀመጥ የለበትም አለኝ። ያሰበው ቁጥሩ ያለበትን ብረት ልክ እንዳለ፣ መዳፍ በሚያህል ቁራጭ አውጥቶ፣ አራት ጣት ከፍ ብሎ በሚከፍትለት ቦታ መልሶ መበየድ ነው። የሞተር ቅያሪውን ፈቃድ ዶክተሩ አስቀድመው አውጥተዋል፣ ፋይሉ ውስጥ አለ። ቁጥሩን ከፍ ለማድረግም ፈቃድ ያስፈልጋል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም፤ ቁጥሩ ያው ቁጥር፣ መኪናዋም ያቺው መኪና ናትና። ይህ ጥፋት ነው ከተባለ ይቀጣበት። ስርቆት ግን አይደለም።

ብየዳው ሲሠራ ነበርኩ። የነበርኩትም ከግድግዳው ማዶ፣ መኪናዋ ውስጥ ነው። ወንበሮቹ ወጥተው ስለነበር ወለሉ ላይ ተኮራምቼ ከብረቱ ጀርባ እርጥብ ጨርቅ ይዣለሁ። ምክንያቱ ይህ ነው። ፋብሪካው ድምፅ እንዳይገባ ብሎ የግድግዳውን ጀርባ በብሩሽ ጥቁር ሬንጅ ቀብቶታል። አይቸኩሌ ያ ሬንጅ እንዲቃጠል አልፈለገም፤ የራሷ ነው፣ ይቆይላት አለ። ስለዚህ አንዲት ነጥብ ይበይዳል፣ ያቆማል። እኔ ጨርቁን እጫነዋለሁ፣ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ግድግዳውን በጣቴ አንኳኳለታለሁ፣ ሌላ ነጥብ ይበይዳል። ሌላ ሰው ሻዩን ሳይጨርስ የሚበይደውን እኛ ሁለት ቀን ፈጀንበት። ወገቤ ተቆረጠ። ስድቡንም በግድግዳው በኩል አልቆጠብኩለትም፤ የሰማኝ አይመስልም፣ ነጥብ፣ ደግሞ ነጥብ ብቻ። ሲያልቅ በባትሪ አየሁት። ሬንጁ አንድ ቦታ እንኳ አልፈላም። እዚያው ወለል ላይ እንደተጋደምኩ፣ ይህን ሰው ምን ዓይነት እናት ወለደችው ብዬ ለራሴ ተናግሬአለሁ። ለእሱ ግን ምን ቆርጦኝ እነግረዋለሁ።

ያጠፋው ነገር አለ ከተባለ ከዚህ በኋላ ነው። ብየዳውን እንደ ማንኛውም ጥገና ጠባሳው እየታየ ቢተወው ኖሮ ዛሬ እዚህ ባልተቀመጥን ነበር፤ ተበይዷል፣ ይኸው ብሎ ያሳይ ነበር። እሱ ግን ጠባሳ አይወድም። በሞተሩ በኩል ያለውን ፊት በሞረድ፣ ከዚያ በሸካራ ወረቀት፣ ከዚያ በለስላሳ ወረቀት ፍቆ ፍቆ፣ እጅ ቢዳስሰው እንኳ እንዳያገኘው አድርጎ ቀባው። ሌባም የሚያደርገው ይህንኑ እንደሆነ በሕይወቱ አስቦት አያውቅም። ሥራው እንዲያምር ብቻ ነው የፈለገው። አሁን ሳስበው ቆሽቴ ያርራል፤ ምናለ አንድ ጊዜ እንኳ ሥራው ባያምርለት ኖሮ እላለሁ። በጀርባው በኩል ግን ምንም አልነካም። እዚያ ብየዳው ከነነጥቡ፣ ሬንጁም ከነብሩሹ መስመር ሁሉም እንዳለ ነው።

ቀጥሎ ያለው ሥራ የእኔ ነው። ሳጅኑ ስለ ራስዎ ሥራ ባጭሩ ቢሉኝም ባጭሩ አይሆንልኝም። ዓይኔ ከውስጥ እየደከመ ነው፤ በመነጽርም በቀዶ ሕክምናም አይመለስም ተብያለሁ። ስለዚህ ይህቺ መኪና የመጨረሻዬ እንደምትሆን ለግቢው ሰው ሁሉ ነግሬ ነበር። ከአንድ ሙሉ ቡናማ ቆዳ፣ ከክሩስኮቱ ጫፍ ጀምሮ ግድግዳውን ይዞ ወርዶ እግር እስከሚያርፍበት ድረስ፣ መሀል ላይ አንድ ስፌት ሳይታይበት አለበስኳት። ቆዳው ቦታው ላይ እንዳለ በእጅ የተሰፋ፣ በማስቲሽ የተያዘ ነው። እንዲወጣ ሆኖ አልተሠራም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ብቻ እያየሁ፣ ሌላውን ሰዓት በጣቴ እየዳሰስኩ ነው የጨረስኩት። በዕድሜዬ ሙሉ ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው፤ ትሕትና እዚህ ላይ ውሸት ይሆንብኛል።

ያለቀ ዕለት አይቸኩሌን ጠራሁት። መኪናዋ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጫማውን አወለቀ። ገብቶ ተቀመጠ፣ እጁን ቆዳው ላይ ሳያሳርፍ አየር ላይ እንደያዘው ቆየ። እንደ ልማዱ ነገ ነው የሚናገረው ብዬ ልሄድ ስል፣ «እትዬ፣ ይህን የሚነካ ሰው ከእኔ ጋር ይጣላል» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

መኪናዋን መጀመሪያ ሲነዷት ዶክተሩ እኔን ከጎናቸው አስቀመጡ። ከግቢው እስከ ዋናው መንገድ፣ አሁን አንድ ነገር ይፈታል፣ አሁን አንድ ነገር ይፈነዳል እያልኩ ሄድኩ። ዳገቱ ጋ ስንደርስ ዶክተሩ ነዳጁን ረገጡ። በመጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ ከፊታችን ቀጭን የፉጨት ድምፅ ተሰማ፣ ወዲያውም ወንበሬ ጀርባዬን ገፋኝ። ጭነት መኪና ፊታችን ነበር፣ ዞር ብዬ ሳይ ኋላችን ነው። ዶክተሩ እየሳቁ ነበር፤ የሚስቁት እንደ ትልቅ ሰው አይደለም። ያ አሮጌ ሞተር በደህና ዘመኑ ይህን ዳገት ሲወጣ በየመሀሉ ቆሞ ውኃ ይጠጣ እንደነበር ነገሩኝ። አናቱ ላይ አቆሙና ኮፈኑን ከፍተው ለብቻቸው አዩት። እኔ ያን ጊዜ ነው የተሸነፍኩት። መኪናዋ አልተዋረደችም፤ ሞተሩ ለእሷ የተወለደ ነው የሚመስለው። ይህንንም ለአይቸኩሌ አልነገርኩትም ነበር። ዛሬ በጽሑፍ ይድረሰው።

መኪናዋ የተያዘችው ለዓመታዊ ምርመራ በቀረበች ጊዜ ነው። የቴክኒክ መርማሪው ቁጥሩ ከተለመደው ቦታ ከፍ ብሎ ስላገኙት ቀለሙን ትንሽ ፍቀው ብየዳውን ደረሱበት። መርማሪውን አልከስም። እኔ በጣቴ ዳስሼ ያጣሁትን ብየዳ እሳቸው አግኝተውታል፣ ሙያቸውን ያውቃሉ። ያን ብየዳ አይቶ የማይጠረጥር መርማሪ ደመወዙን በከንቱ ነው የሚበላው። ነገር ግን አይቸኩሌ ያን ቀን ተይዞ እስከ ዛሬ ጣቢያው ውስጥ ነው። ቁጥሩ የሌላ መኪና ነው ከተባለ መኪናዋ እንደምትጨፈለቅ፣ እሱም የሥራ ፈቃዱን ተነጥቆ ወህኒ እንደሚወርድ ሰምቻለሁ። ሲጠየቅ የሰጠው መልስ፣ ቁጥሩ የራሷ ነው፣ የበየድኩት እኔ ነኝ የሚል ብቻ ነው። ማስረጃ አለህ ወይ ሲባል የለኝም ብሏል።

የለኝም ማለቱን ትናንት ከሰዓት በኋላ እስክሰማ ድረስ፣ ነገሩ በአንድ ቀን ተጣርቶ ይለቀቃል ብዬ ሥራዬ ላይ ነበርኩ። ዶክተሩ ሊጠይቁት ገብተው ወጥተው ወደ እኔ መጡ። ፊታቸው ልክ አልነበረም። ማስረጃ እንዴት ይጠፋል ብለው ሲጨቃጨቁት፣ ማስረጃው ያለበት ቦታ አይነካም፣ የእትዬ ሥራ ነው ብሏቸዋል። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባቸውም፤ ይገባሻል ወይ አሉኝ። እኔ ወዲያው ገብቶኛል። ማስረጃው ከግድግዳው ጀርባ ነው፣ የግድግዳው ጀርባ ደግሞ ከቆዳዬ ሥር ነው። ቆዳው ካልተቀደደ አይታይም። ይህ ደንቆሮ ሰው የእኔ ስፌት ከሚቀደድ ወህኒ ልውረድ ብሏል። አልቅሻለሁ፣ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ደግሞ በጣም ተናደድኩ። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ሳይጠይቁ ለሰው ይወስናሉ?

ከጀርባው ምን እንደሚያስረዳ ተጠይቄ እንዲህ ብያለሁ። አንደኛ ነገር፣ በብረት ማኅተም ተቀጥቅጦ የተመታ ቁጥር ከጀርባ ተገልብጦ ይታያል፤ ተፍቆ እንደገና የተመታ ከሆነ ብረቱ ይናገራል። ሁለተኛ፣ ፋብሪካው ሬንጁን ሲቀባ ብሩሹን ከግራ ወደ ቀኝ ስቦ ነው የሄደው። ቁራጩ ከዚያው ግድግዳ የወጣ ከሆነ፣ ቁራጩ ላይ ያለው የብሩሽ መስመር ከጎድጓዳው ግራና ቀኝ ካለው መስመር ጋር እንደ ተቀደደ ጨርቅ ይገጥማል። ሳጅኑ በቀጭን ካሜራ ወይም አንድ ጠርዝ ብቻ ላላ በማድረግ ማየት አይቻልም ወይ ብለው ደጋግመው ጠይቀውኛል። አንጀታቸው ራርቶ እንደሆነ ገብቶኛል። አይቻልም፣ ቆዳው መቀደድ አለበት ብያለሁ። በጣቢያው በር ላይ ጥበቃው የወሰደብኝ ምላጭ እንዲመለስልኝም ጠይቄአለሁ። ሌላ ሰው እንዲቀደው አልፈልግም፤ የማያውቅ ሰው ይጎትተዋል።

ከላይ ያለውን ቃል ከሰጠሁ በኋላ ከሳጅኑ፣ ከመርማሪውና ከዶክተሩ ጋር መኪናዋ ወደቆመችበት የጣቢያው ጓሮ ሄደናል። ከዚያ ወዲያ የሆነውም በዚሁ ወረቀት እንዲቀጥል ጠይቄ ተፈቅዶልኛል።

በቀኝ በኩል ባለው በር ገብቼ ተንበረከክሁ። በመጀመሪያ በጣቴ ዳስሼ ጎድጓዳው የሚጀምርበትን ቦታ አገኘሁ። ከዚያ ምላጩን አሳርፌ ከላይ ወደ ታች አንድ ክንድ ያህል ቀደድኩት። ማስቲሹ ሲላቀቅ ድምፁ ይሰማል። ዶክተሩ ፊታቸውን አዙረዋል። እኔ አላዞርኩም፤ ስጨርስ ምላጩን ለሳጅኑ አስረከብኩ። መርማሪው መስታወትና ባትሪ ይዘው በጀርባቸው ተኝተው ገቡ። ብዙ ቆዩ። ቁጥሩን ከመስታወቱ እያነበቡ ሳጅኑ ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አመሳከሩ፣ ገጠመ። የብሩሹን መስመር በማስመሪያ ለኩ፣ ያም ገጠመ። ሬንጁን ጠርዙ ላይ ትንሽ ፍቀውም ከሥሩ ያለው ቀለም ጥቁር አረንጓዴ መሆኑን አዩ። ሲወጡ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ስለ ቁጥሩ አልነበረም። ሬንጁን ሳያቃጥል እንዴት በየደው ብለው ጠየቁኝ። ረጅም ነው፣ እሱኑ ይጠይቁት አልኳቸው።

አይቸኩሌን አመጡት። ቁጥሩ ገጥሟል ሲሉት አልሰማም። ያየው ቆዳውን ነው። ተንበርክኮ የተቀደደውን ሁለት ጠርዝ በጣቶቹ ይዞ፣ ተመልሶ የሚገናኝ ይመስል አጋጠመውና ቆየ። «ምነው እትዬ?» አለኝ። እኔም እስከዛሬ ያላልኩትን አልኩት፤ እንዳንተ ያለ ሠራተኛ አይቼ አላውቅም፣ አንተ እዚህ ውስጥ ሆነህ እኔ ያንን ቆዳ ምን ብዬ አየዋለሁ አልኩት። ነገ ይመልስልኝ ይሆናል።

መርማሪው፣ ቁጥሩ ወደፊትም በየምርመራው እንዲታይ ይህ ቦታ ተከፍቶ የሚዘጋ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ማዛወሩንም መዝግበን ማኅተም እንመታበታለን አሉ። ዶክተሩ ቅዳዱ እንዳለ ይቆይ፣ ለእኔ አያስጠላኝም አሉ። እኔ ሁለቱንም ሰምቼ፣ እንዲህ ሆኖ ከእጄ አይወጣም አልኩ። ጠርዙን ዙሪያውን እቀመቅመዋለሁ፣ ከላይ የሚሸፍነው ክዳን እሰፋለታለሁ፣ ሁለት ቁልፍ እገጥምለታለሁ። አይቸኩሌ ቀና ብሎ ዓይኔን አየና፣ «ትችያለሽ?» አለኝ። ጠርዝ ለመቀምቀም ጣት ይበቃኛል አልኩት። ስለዚህ ሰውየውም መኪናዋም ዛሬውኑ እንዲለቀቁልኝ እጠይቃለሁ። ሥራ አለን።

ይህ ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ። ያላየሁትን አይቻለሁ አላልኩም፣ ያየሁትንም አላስቀረሁም፤ ስለ ራሴ ሥራ ያልኩትም ሳይቀር እውነት ነው። መስመሩን ሳጅኑ በጣታቸው እያሳዩኝ ከዚህ በታች ፈርሜአለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ____________

ቃሉን የተቀበሉት ሳጅን ፊርማ ____________

ቆዳው ሲቀደድና ቁጥሩ ሲመሳከር በቦታው የነበሩ
የቴክኒክ መርማሪው ፊርማ ____________
የመኪናዋ ባለቤት ፊርማ ____________